የባልቴቷ ግራ እግር

ደባርቅ መናኸሪያ ወርዳችሁ «የጋሽ ሸሀቡ ጋራዥ የት ነው?» ብትሉ ጣቱን የማይቀስር ሰው የለም። ጋራዥ ስላችሁ ግን ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በላዩ የዛገ ቆርቆሮ፣ ግንድ ላይ የታሰረች አንዲት የብረት መንከሻ ሞርሳ፣ በቃ ይኸው ነው። መሬቱ ዘይት ከመጠጣቱ ብዛት ክረምት እንኳ አይጨቀይም። ጋሽ ሸሀቡ እዚያች ቆርቆሮ ሥር አርባ ዓመት ብረት ሲያክሙ ኖረዋል። እኔ እንግዳው ያርጋል፣ የላንድሮቨር ሾፌር፣ እኚህን ሰው በአንድ ቀን አፍ ከዚያ ቦታ ልነቅላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ለእናንተም ልናገር። ፍረዱብኝ ግድ የለም፣ ሚስቴ ቀድማችኋለች።

ጋሽ ሸሀቡ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናቸው። አባታቸው «ሱቁን ተረከብ» ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። በወጣትነታቸው ሊማሊሞ ላይ የጭነት መኪና ተሰበረ ሲባል ከሰሙ መፍቻቸውን በኬሻ ቋጥረው ቁልቁለቱን በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ሾፌሩ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል፣ እሳቸው መኪናው ሆድ ሥር ይገባሉ። ገደል አፋፍ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ያልጠገኑት የመኪና ዓይነት የለም። አባታቸው «አገሩን ሁሉ የማለብስ እኔ፣ ልጄ ግን ንጹሕ ልብስ አጣ» እያሉ ያማርሩ ነበር ይባላል። ሚስታቸው እትዬ ዙሀራም ይሄንኑ አማርረው አማርረው በመጨረሻ ተውት።

አሠራራቸው የብቻቸው ነው። የፈቱትን ዕቃ በሙሉ ማዳበሪያ ላይ በአወጣጡ ተራ ይደረድሩታል፤ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ። ከዚያ ቁጢጥ ይሉና ያለቀውን ብረት አንስተው እያገላበጡ «ማነው የበላህ?» ይሉታል። ብረቱን ነው እንግዲህ የሚያናግሩት! የዘንድሮ መካኒክ ያለቀውን ወርውሮ አዲሱን ይገጥማል፣ ሂሳቡን ይቀበላል፣ ደህና ሁን። ጋሽ ሸሀቡ ግን በላተኛውን ሳያውቁ አዲስ ዕቃ መግጠም አይሆንላቸውም። «ጅብ በረት ገብቶ አህያህን ቢበላት፣ ጅቡን ሳታባርር ሌላ አህያ ታስራለህ?» ይላሉ።

አሁን ወደ ባልቴቷ ልምጣ። ባልቴቷ የምላት መኪናዬን ነው። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት የተሠራች ላንድሮቨር ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ክፉ ቃል አልናገራትም። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ከአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ጨረታ ላይ ነው ያወጣት። አንዱ በሯ በሽቦ ይታሰራል፣ መስኮቷ አይወርድም፣ ግን የቱሪስት ጓዝ ጭና ስሜን ተራራ ላይ ወዳለው ጨነቅ ስትወጣ ስንቱን አዲስ መኪና ጥጉን አስይዛ አልፋለች። ቱሪስት በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ከደባርቅ ወደታች ባሉት ቀበሌዎች ገበያተኛ አመላልስባታለሁ። ሌላ ሀብት የለኝም። ሚስቴ የትናየት አንድ ቀን «ከእኔና ከእሷ ማንን ትመርጣለህ?» ብላኝ መልሱን ትንሽ አዘገየሁና ሳምንቱን ሙሉ ፊቷን አዙራብኝ ከረመች።

አመሏን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከከተማ ወጥተን ጠጠሩ መንገድ ላይ ቁልቁል ስንወርድ በስተግራ ኪዳነ ምሕረት አለች። እዚያ ስንደርስ እኔም ተሳፋሪውም እጅ እንነሳለን። ባልቴቷም ታዲያ ግራ እግሯን ጎንበስ አድርጋ «ጓ!» ትልና ቀና ትላለች። «አያችሁ? ባልቴቷም ትሳለማለች!» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል፤ እናልፋለን።

ባለፈው ጥቅምት መሪዋ በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ሸሀቡ ጋ ወሰድኳት። በክሪክ አንስተው የፊቱን ግራ ጎማ ላይና ታች ይዘው ሲነቀንቁት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ባሌስትራዋ፣ ማለት ያ ተደራርቦ መኪናውን የሚሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው ጋር የምትታሰርበት ወፍራም ችንካር፣ ፔርኖው፣ አልቋል፤ ፔርኖው የሚቀመጥበት የነሐስ ቀለበትም፣ ቦኮላ የምንለው፣ ተበልቷል። «ማነው የበላህ?» አሉት እንደ ልማዳቸው። ከዚያ ራሳቸው መለሱ፤ «ዕድሜ ነው።» መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ዕቃ ከሩቅ ስለማይመጣ፣ ከወደቀ የወፍጮ ሞተር ነሐስ አውጥተው፣ ጎንደር ወርደው፣ ቶርኖ ቤት አጠገብ ቆመው አስቀርጸው መጡ። ገጠሙት። ባልቴቷ ኮረዳ ሆነች።

ታኅሣሥ ላይ ያው ቀጭ ቀጭ ተመለሰ። ያው ግራ እግር። «የወፍጮው ነሐስ ለስላሳ ነበር ማለት ነው» አሉና ጠንከር ያለ ፈልገው ደግመው ሠሩት። የካቲት ሲገባ ለሦስተኛ ጊዜ ተበላ። ያን ጊዜ ቦኮላውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩትና «ምናልባት ስገጥመው አጣምሜው ይሆናል» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እንደገና ሠሩት፤ የቀኙንም አብረው ለወጡት፤ እጅግ ተጠንቅቀው፣ ሦስቴ እየለኩ።

በአሥረኛው ቀን ከዛሪማ አሥራ አንድ ሰው ጭኜ ሊማሊሞን እየወጣሁ ነበር። መታጠፊያው ላይ ከግራ በኩል «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የባሌስትራዋ የላይኛው ብረት ለሁለት ሄደ። ባልቴቷ አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አዞረች። ኧረ ኪዳነ ምሕረት! መሪውን በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት ወደ ተራራው መለስኳት፤ ከግድግዳው ጋር ተላትማ ቆመች። ሰው ሁሉ ተርፏል፤ አንዲት እናት ወርደው መሬቱን ሳሙ። የተሰበረውን ብረት በመጫኛ ጠፍሬ፣ እንጨት ወትፌ፣ እንደ ኤሊ እየተሳብኩ ደባርቅ ገባሁ።

ፍርሃቴ መንገድ ላይ ንዴት ሆነ። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ ላይ ልጓም የለም። ጋራዡ ውስጥ ሾፌሮች ነበሩ፣ ሻይ የሚጠጡ ነጋዴዎች ነበሩ፣ መንገደኛውም አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩባቸው። «ሰው ሊያስጨርሱኝ ነበር! እጅዎ ደክሟል ጋሼ! ዓይንዎም ደክሟል! መፍቻውን ያስቀምጡና ቤትዎ ቁጭ ብለው ሙስበሃዎን ይቁጠሩ!»

አፌን በቆረጠው! ጋሽ ሸሀቡ የያዙትን መፍቻ ቀስ ብለው ግንዱ ላይ አስቀመጡት፤ ቀኝ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «እሺ ልጄ» አሉ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በሳምንቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። «ጋሽ ሸሀቡ እጃቸው ደክሟል፤ እንግዳው እኮ ከሞት ነው የተረፈው» ይባላል። የኔን አፍ እየጠቀሱ! ኢሱዙዎቹ ወደ ዳባት መካኒክ መሄድ ጀመሩ። እኔም የልብ ልብ ተሰምቶኝ ዝም አልኩ።

የትናየት ናት ነገሩን ያመጣችው። እትዬ ዙሀራን ገበያ ላይ አግኝታቸው ኖሮ ፊቷ እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሮ ገባች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን እንደሠራህ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ምን ሠራሁ?» አልኳት። «ጋሽ ሸሀቡ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ሲያዩ ይውላሉ። ይንቀጠቀጥ እንደሆነ! ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት። መፍቻቸውን ሁሉ ሊሸጡት ነው፤ የጎንደር ነጋዴ የፊታችን ቅዳሜ መጥቶ ይጭናል። እሳቸው ሀናን ጋ ሊገቡ ነው።» ሀናን ጎንደር የተዳረች ልጃቸው ናት። «ታዲያ ልጃቸው ብትጦራቸው ምን አለበት?» አልኩ ለማስተባበል። የትናየት አፈጠጠችብኝ። «እትዬ ዙሀራ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ሥራ ፈቶ ቁጭ ካለ ዓመት አይሞላውም፤ እቀብረዋለሁ› ነው ያሉኝ።»

ይሄን ሰምቼ እንኳ ይቅርታ ልጠይቅ አልሄድኩም። ኩራት ክፉ ነው። ይልቅ ባልቴቷን አስጠግኜ ጥፋቱ የሳቸው እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ ቀስ እያልኩ ጎንደር ወረድኩ። አንድ የታወቀ መካኒክ ሥሯ ገብቶ አየና ወጣ። «ማነው የሠራት?» አለኝ። «አንድ ሽማግሌ፣ ደባርቅ።» «ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ? ይሄን የመሰለ አገጣጠም እኔም አልገጥም። ችግሩ ቦኮላው አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም» አለና እጁን ጠረገ። የተሰበረውን ብረት ብቻ ቀይሮልኝ ሰደደኝ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። ልቤ ውስጥ የነበረው እፍረት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋራዡ ደጃፍ ቆምኩ። ደንበኛ የለም። መፍቻዎቹ ተጠርገው ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። እትዬ ዙሀራ አዩኝና ሰላምታዬን ሳይመልሱ ገቡ። ጋሽ ሸሀቡ ግን «ግባ እንግዳው» አሉ።

«ጋሼ፣ ጎንደር ያለው መካኒክ የእርስዎን ሥራ አመስግኖ መለሰኝ። እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

ሳጥኑን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። «እስከ ቅዳሜ ነው ያለሁት» አሉ በመጨረሻ። «እስከዚያ አያታለሁ። እኔም ሳላውቀው ብሄድ ይቆጨኛል።»

ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ስለገጠሙ እሳቸውም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ፤ ውኃ እንኳ የሚቀማመስ የለም። ደግሞ እስከዛሬ ያላደረጉትን አደረጉ። ደህና የሆነውን የቀኙንም እግር ከግራው ጋር ሊያስተያዩ ፈቱት። የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ፣ ማዳበሪያው ላይ ደረደሩት። ሐሙስ ዕለት ጠሩኝ።

«ቅረብ። ይሄን በጣትህ ዳብሰው» አሉኝ። የቀኙ ቦኮላ እንደ ቀለበት ክብ ነው፤ ዛሬ ከቶርኖ የወጣ ይመስላል። የግራው ሞላላ ሆኗል፤ ከታች በኩል ጎድጉዷል። «ሁለቱን አንድ ቀን፣ ከአንድ ነሐስ፣ በአንድ እጅ ነው የሠራኋቸው። እጄ ቢደክም ቀኙስ እንዴት ዳነ? ደግሞ ተመልከት፤ ይሄ ተፈጭቶ ያለቀ አይደለም። ተቀጥቅጦ ነው። በየቀኑ አንድ ነገር በመዶሻ ይመታታል። የት ነው የምትመታት?»

«የትም!» ብዬ ቱግ አልኩ። «ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፣ እንደ እንቁላል ነው የምይዛት!»

«አልዋሸህም» አሉ። «ግን ግጠምና እንሂድ። እስከዛሬ የምፈትናት እኔው እየነዳሁ፣ ወደ ዳባት አስፋልት ላይ ነበር። ዛሬ አንተ ንዳ። በየቀኑ በምትሄድበት፣ እንደ ወትሮህ። እኔ እንደሌለሁ ቁጠረኝ።»

ገጠምናት። ከጎኔ ተቀመጡ። የግራውን ድምፅ ለመስማት አንዲት ረጅም ብረት ይዘው ጫፏን ወለሉ ላይ አቁመው፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከተማውን ወጣን። ጠጠሩን ያዝን። እኔ ስለ ኑሮ ውድነት አወራለሁ፣ እሳቸው አይመልሱም። ቁልቁለቱ ላይ እንደ ወትሮዬ ለቀቅ አደረግኳት። ኪዳነ ምሕረት ጋ ደረስን።

«ጓ!»

«ቁም!» አሉ፤ ብረቷ ከእጃቸው ወድቃለች። ፍሬን ያዝኩ። ዘወር ብዬ ሳያቸው አፍጥጠው የሚያዩት እኔን ነው። ግራ እጄ ባርኔጣዬን አውልቆ ይዟል። ቀኝ እጄ ደረቴ ላይ ነው፣ ማማተቡን ገና አልጨረስኩም። መሪውን የያዘ እጅ የለም።

«ምነው ጋሼ?» አልኩ። «አይደንግጡ፣ ባልቴቷ ናት እኮ። እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ትሳለማለች።»

«ሁልጊዜ?»

«በየቀኑ! አልነገርኩዎትም? እግሯን ጎንበስ፣ ጓ...» ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጋሽ ሸሀቡ ወርደው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ የድንጋይ ቦይ አለ፤ አምና የክረምቱ ጎርፍ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለውን አንዱን ጠርዝ ድንጋይ ነቅሎ ወስዶታል። በቦታው ጉልበት የሚያስገባ ጉድጓድ ቀርቷል። ሌላው መኪና ሁሉ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ያልፈዋል፤ የጎማው ፈለግ ይታያል። ወደ ጉድጓዱ የሚገባው አንድ ፈለግ ብቻ ነው። የባልቴቷ ነው! እኔ ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሁለቱንም እጄን አንስቼ ስጸልይ፣ መንገዱ ራሱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነውና እሷ እየተንሸራተተች ሄዳ ትወድቅበታለች። ስመለስ ዳገቱ ላይ ሰው ለማውረድ ደጃፏ ላይ ስለምቆም፣ ቆሜ ነው የምሳለመው፤ ምንም አይነካትም። ስወርድ ግን በየማለዳው፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ ሳላውቀው ስሰብራት ኖሬያለሁ።

ወይ ጉድ! ሙስበሃዎን ይቁጠሩ ያልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ለካ ስለ እኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ሸሀቡ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። በኋላ ረጋ ብለው «እንግዳው፣ ጸሎትህን አልነካም፤ የኔ ነገር አይደለም። ለጌታህ አጎንብስ። ግን ስታጎነብስ ቁም» አሉኝ። ከዚያ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለቱን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ተመለከቷቸው። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «እጄ አይደለም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ እጄ አይደለም።»

እኔም አለቀስኩ። ሁለት ሽማግሌ የሚያክል ሰው፣ ሆዳችን ባዶ፣ ቦይ ላይ ተቀምጠን ስናለቅስ ያየን መንገደኛ ሰው የሞተብን መስሎት «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ አለፈ።

ስንመለስ «እንግዲህ ነጋዴውን አይምጣ ይበሉታል» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ። ደግሞ እጄ ደህና መሆኑን አንተና እኔ ነን ያወቅነው፤ ከተማው ግን ያንተን ቃል ይዞ ቀርቷል። ደንበኛ የሌለው ጋራዥ ምን ያደርግልኛል?»

ቤቴ ገብቼ ለየትናየት ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። ቀጥላ ጨከነች። «በሰው ፊት ሰድበህ በጓዳ ይቅርታ የለም። ድንጋይ ተሸክመህ ትሄዳለህ» አለችኝ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ የበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል፤ ተበዳዩ «አውርድ» ሲለው ነው ይቅር የተባለው። ቅዳሜ ማለዳ ወንዝ ዳር አብረን ወረድን። አንዱን ሳነሳ «ያንሳል፤ የተናገርከው ከዚህ ይከብዳል» ትላለች። በመጨረሻ የመረጠችልኝ ጥርብ የሚመስል፣ አንገት የሚሰብር ጥቁር ድንጋይ ነበር።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከመናኸሪያ እስከ ጋራዡ ያንን ድንጋይ ተሸክሜ ሳልፍ ገበያው ሁሉ ቆሞ አየኝ። «እንግዳው ማንን ገድሎ ነው?» ሲሉ እሰማለሁ። አልመልስም፤ ትንፋሽም የለኝ። ሰው እየተከተለኝ ጋራዡ ስደርስ የነጋዴው ኢሱዙ ቆሟል። ሳጥኖቹ ተጭነዋል። ሞርሳዋ ከግንዷ ተፈትታ መኪናው ላይ ወጥታለች። ጋሽ ሸሀቡ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ባዶውን ግንድ ይዘው ቆመዋል። በንጹሕ ልብስ አይቻቸው አላውቅም።

ተንበረከክሁ። «ጋሽ ሸሀቡ!» አልኩ፣ ገበያው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «እጅዎ ደክሟል ብዬ ዋሽቻለሁ! ባልቴቷን ስሰብር የኖርኩት እኔ ነኝ። ኪዳነ ምሕረት ጋ መሪ ለቅቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስከታት ነው የኖርኩት! የእርስዎ እጅ ደህና ነው። ከእኔ ራስ ይልቅ ደህና ነው። ይቅር ይበሉኝ!»

ከኋላ አንዱ «መሪ ለቆ?» ብሎ ሲስቅ፣ ሁሉም ተያይዞ ሳቀ። ይሳቁ። እትዬ ዙሀራ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ሸሀቡ ቀርበው መጡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ አሳረፉ፤ «አውርድ» የሚለውን ቃል እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን ድንጋዩን ይዳብሳሉ። ጠርዙን ይከተላሉ፣ በስንዝር ይለካሉ።

«አታውርደው» አሉ።

ሰዉ ጉምጉም አለ። «ኧረ ጋሼ! በጾም! በአላህ!» አሉ አንድ ነጋዴ።

«አታውርደው» አሉ እንደገና። «ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ለቦዩ ልክ ይሆናል። ባልቴቷ ላይ ጫነው፣ እንሄዳለን። እኔ እንኳን ይቅር ብዬሃለሁ፤ አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን።» ከዚያ ወደ ኢሱዙው ዘወር ብለው ነጋዴውን «አንተ ግን አውርድ። ይቅርታ ወንድሜ፣ ቃሌን አጠፍኩብህ፤ ሞርሳዬን አውርድልኝ» አሉት።

እትዬ ዙሀራ እልል አሉ። እውነቴን ነው፣ በረመዳን፣ ገበያ መሐል!

በዚያው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሄድን። ጋሽ ሸሀቡ «የሰው ደጅ ነው፣ ሳያስፈቅዱ አይቆፈርም» ብለው መጀመሪያ መምሬ ቴዎፍሎስን እንድጠራ ላኩኝ። መምሬ ነገሩን ሰምተው ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁና ራሳቸው ጠጠር ያቀብሉን ጀመር። ጋሽ ሸሀቡ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ያንን ድንጋይ ልክ ቦኮላ እንደሚገጥሙ አድርገው ነው ያስገቡት፤ ይለካሉ፣ ያወጣሉ፣ ጠርዙን ይመታሉ፣ እንደገና ያስገባሉ። ስንጨርስ ረገጡት፤ ንቅንቅ አላለም። ጀለቢያቸው ግን ጭቃ በጭቃ ሆነ፤ እትዬ ዙሀራ ያንን አይተው ምን እንዳሉ አልነግራችሁም።

ይኸው ሰኔ ገባ፤ ኢሱዙዎቹ ከዳባት ተመልሰው ጋራዡ ደጃፍ ተሰልፈዋል። እኔ ማለዳ ማለዳ ኪዳነ ምሕረት ጋ ስደርስ ፍሬን ይዤ፣ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እሳለማለሁ። ተሳፋሪው «ባልቴቷ መሳለም ተወች እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ወር በገባ ቁጥር ወደ ጋሽ ሸሀቡ እወስዳታለሁ። በክሪክ ያነሷትና የግራውን ጎማ ላይና ታች ይዘው ይነቀንቁታል። ቀጭ የሚል ነገር የለም። ከዚያ ሻይ የሚጠጡት ሁሉ እንዲሰሙ ቀና ብለው «ይሄ የማን እጅ ነው?» ይሉኛል።

«የእርስዎ ነው ጋሼ!» እላለሁ።

አንዳንድ ቀን «አልሰማሁም» ይላሉ፣ ጆሯቸው ምንም ሳይሆን። እደግመዋለሁ።